የማን ሥሪት ይሻላል? ማሳና ግጦሽ ለሚያበላሹ እንስሳት አደን አዲስ ጠመንጃ ስለ መምረጥ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ በኮሎራዶና በአጎራባች ግዛቶች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ብዙዎቻችን ጠመንጃን በሥሪቱ ስም እየጠሩ ከሚያወሱ አባቶች የተወለድን ነን። ውጅግራ የሚለው ቃል ራሱ «ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ስም በእኛ አፍ ተለውጦ የቀረ ነው፤ ምንሽር ሲባል ደግሞ ከብረቱ ጋር የባለቤቱም ክብር አብሮ ይነሳ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በዚህ አገር ፕሬሪ ዶግ ለምትባለው ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳና የቀበሮ ዘመድ ለሆነው ለካዮቲ የሚሆን አዲስ ጠመንጃ ልንገዛ ስንነሳ በመጀመሪያ «የማን ሥሪት ይሻላል?» ብለን መጠየቃችን አይደንቀኝም። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ሆኖ መምጣት አለበት እላለሁ፤ አንደኛው ጥያቄ ጠመንጃው በቀን ስንት ጥይት ይተኩሳል የሚለው ነው።

አጋዘን የሚያድን ሰው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ፕሬሪ ዶግ ግን ክብደቷ አንድ ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ጉድጓዷ አፍ ላይ ቆማ የምትጠብቅ፣ ከ200 እና ከ300 ያርድ ርቀት የምትተኮስ ትንሽ እንስሳ ናት፤ መንጋዋ በበዛበት የግጦሽ መሬት ላይ አንድ አዳኝ በቀን መቶ ጥይትና ከዚያም በላይ ሊጨርስ ይችላል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከመው አፈሙዙ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ጠመንጃ ስሙ የተከበረ፣ ለተራራ ጉዞ ተብሎ የተሠራ፣ አፈሙዙ ቀጭን ነበር። ጠዋት ያለምኩትን እመታ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ግን አፈሙዙ ሲግል ጥይቱ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሸሽ ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ አምራቹን ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የአምራቹ ሳይሆን የእኔ ምርጫ እንደ ነበረ የገባኝ። ለዚህ ሥራ ወፍራም አፈሙዝ ያስፈልጋል፤ ወፍራም አፈሙዝ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ክብደቱም ጠመንጃውን ከስፍራው ሳያነቃንቅ ያሳርፈዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥይቱ ዓይነት ነው። በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለገበያ የቀረበው 223 ሬሚንግተን የተባለው ዓይነት ጥይቱ በየሱቁ የሚገኝ፣ ዋጋው ከሌሎቹ የሚቀል፣ አፈሙዝም ቶሎ የማይበላ በመሆኑ ለአብዛኞቻችን የምመክረው እርሱን ነው። የአሜሪካው ጠመንጃና ጥይት አምራች ሬሚንግተን በ1965 የተቀበለው 22-250 የተባለው ዓይነት ባለ 55 ግሬን (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) እርሳስን በሰከንድ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወረውራል፤ ለሩቅ ካዮቲ ድንቅ ነው፣ ነገር ግን ብዙ ባሩድ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያቃጥል ሳይበርድ ለሚተኩሰው ሰው አፈሙዙን ቶሎ ይጨርሰዋል። በ2004 የወጣው 204 ሩገር የተባለው ዓይነት አሁን ከጠቀስኩት ባለ 55 ግሬን ይፈጥናል፣ ግፊያውም ቀላል ነው፤ ችግሩ ጥይቱ በሁሉም ሱቅ አለመገኘቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያየውን አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። በአፈሙዙ ውስጥ የተቆረጠው ጠመዝማዛ ቦይ ጥይቱን በስንት ኢንች አንድ ጊዜ ያዞረዋል? በ22-250 የቆየው ልማድ በ14 ኢንች አንድ ዙር ነበር፤ ይህ ለአጫጭርና ቀላል ጥይት ይበቃል፣ ረጅምና ከባድ ጥይት ግን በዚህ ዝግታ ሲሽከረከር ሚዛኑን ስቶ ይንከራተታል። በ8 ወይም በ9 ኢንች አንድ ጊዜ የሚያዞር 223 ግን ከቀላሉ እስከ ከባዱ ያሉትን ያስተናግዳል። በሁለት አምራቾች መካከል ስታመነቱ ይህን ቁጥር ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ አፈሙዙ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

አሁን ወደ ስሞቹ ልመለስ። ሬሚንግተን 700 ከ1962 ጀምሮ የተሠራ፣ መለዋወጫው በብዛት የሚገኝ ጠመንጃ ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው በ2018 እና በ2020 በኪሳራ ምክንያት የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠይቋል፣ ንብረቱ ተከፋፍሎ ተሽጧል፣ በኒው ዮርክ ግዛት በኢሊየን ከተማ የነበረው ጥንታዊ ፋብሪካም በ2024 ተዘግቷል። በ2014 ደግሞ ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 የተሠሩ፣ ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለ ምላጭ ያላቸው ጠመንጃዎች ሳይታሰብ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ ለጥገና ተጠርተዋል። ያገለገለ 700 የሚገዛ ሰው የመለያ ቁጥሩን ሳያጣራና ምላጩ መጠገኑን ሳያረጋግጥ አንድ ጥይት እንኳ እንዳያጎርሰው በጽኑ አሳስባለሁ።

በማሳቹሴትስ ዌስትፊልድ የሚሠራው ሳቬጅ የተባለው አምራች ምላጩን ባለቤቱ ራሱ እንዲያላላና እንዲያጠብቅ የሚያስችለውን አኩትሪገር የተባለ ምላጭ በ2002 አውጥቷል፤ ሌሎች አምራቾችም ምላጫቸውን እንዲያሻሽሉ ያስገደደው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ብልጫው አፈሙዙ በዳዶ የሚታሰር በመሆኑ፣ ተገቢው መሣሪያና መለኪያ ያለው ሰው ያረጀውን አፈሙዝ በቤቱ ሊቀይር መቻሉ ነው። ብዙ ለሚተኩስ ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ማጉረሻው ግን ሲሳብ ትንሽ ይሻክራል።

ቲካ የተባለው ጠመንጃ የሚሠራው በፊንላንድ ሪሂማኪ፣ ሳኮ ከተባለው ጠመንጃ ጋር በአንድ ፋብሪካ ነው። በ2016 የወጣው ቲ3ኤክስ የተባለው ሞዴሉ ማጉረሻው ሲሳብ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ነው፤ ለእንዲህ ያሉ ጎጂ እንስሳት አደን የተሠራው የቫርሚንት ዓይነቱ 223 በ8 ኢንች አንድ ዙር የሚያዞር ሆኖ ይገኛል። ዋጋው ከሳቬጅ ከፍ ይላል፣ ተጨማሪ ካዝናውም ርካሽ አይደለም። የጃፓኑ ሆዋ 1500 ጠንካራ ሥራ ነው፤ ዌዘርቢ ቫንጋርድም ከዚሁ ፋብሪካ ስለሚወጣ ሁለቱን ስታወዳድሩ በብረቱ ላይ ትልቅ ልዩነት አትጠብቁ፣ ሰደፉንና ዋጋውን እዩ። ሩገር አሜሪካን የተባለው ጠመንጃ ባጀቱ ለጠበበ ጀማሪ ያላሳፈረ ምርጫ ነው።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛና በየዓመቱ ጥቂት ቀናት ብቻ ለሚወጣ ሰው ቲካን፣ በየወሩ ለሚወጣና አፈሙዝ እስኪያረጅ ለሚተኩስ ሰው ሳቬጅን እመርጣለሁ። ከሁለቱም በላይ ግን ገንዘባችሁን ሁሉ በጠመንጃው ላይ እንዳትጨርሱት እለምናችኋለሁ፤ ደብዛዛ መነጽር የተገጠመለት ውድ ጠመንጃ በ250 ያርድ ላይ ያለችን ፕሬሪ ዶግ አያሳያችሁም።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በሱቁ የምትሞሉት 4473 የተባለው የፌዴራል ቅጽ ጠመንጃው ለራሳችሁ መሆኑን ይጠይቃል፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ለዚያው ሰው ገዝቶ «የእኔ ነው» ብሎ መፈረም፣ ለወንድም ውለታ ቢሆንም እንኳ፣ ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይፈቀድለትም። በኮሎራዶ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለማውጣት በመጀመሪያ የአዳኞች ትምህርት መጨረስ አለበት።

በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት ጠመንጃዎች ተዘርግተዋል፤ ጥይት የለባቸውም፣ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ፈትሸናቸዋል፣ እናንተም ስታነሷቸው ደግማችሁ ፈትሹ፣ አፈሙዛቸውንም ወደ ግድግዳው ብቻ አቅኑ። ሰደፉን ትከሻችሁ ላይ አድርጉና ዓይናችሁ ያለ ትግል በመነጽሩ መሐል ይወድቅ እንደሆነ ተመልከቱ። ግራኝ የሆናችሁ በተለይ ሦስተኛውን ሞክሩት፤ የማጉረሻው እጀታ በግራ በኩል ነው። ጥያቄ ያላችሁን እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ።