ከዓድዋ እስከ ኅዳር ሚካኤል፦ ሴለሪያክን በጓሮ ማሳደግ

ዮናስ፦ መሲ፣ ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሽው ምንድን ነው? የጭቃ ኳስ ጢም አብቅሎ?

መሠረት፦ አፍህን ያዝ! ስምንት ወር ያሳደግኩት ልጄ ነው። ሴለሪያክ ይባላል። እዚህ ፍራንክፈርት ሱቅ ውስጥ ካሮት፣ ባሮና ፓርስሊ ታስሮ የሚሸጥ የሾርባ እስር አለ አይደል? እዚያ ውስጥ ያለው ነጭ ቁራጭ እሱ ነው።

ዮናስ፦ እሱን እኮ እኔ ሁሌ እጥለዋለሁ።

መሠረት፦ ግፍ ነው! ና ቅጠሉን እሽና አሽትተው።

ዮናስ፦ ሴለሪ፣ ሴለሪ ይላል። ግን የማውቀው ሴለሪ ረጅም አገዳ ነው።

መሠረት፦ ዘራቸው አንድ ነው። አንዱን ሰው ለአገዳው እየመረጠ አራባው፣ ሌላውን ከሥሩ ላይ ላለው እብጠት። የካሮት፣ የድንብላልና የእንስላል ዘመድ ነው። ዱር በቀሉ ደግሞ ረግረግ ይወዳል፣ ባሕር ዳርቻ ጨዋማ መሬት ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ይቺን ያዝልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ዮናስ፦ ያዝኩ። ይሄ ስንተኛ ሙከራሽ ነው?

መሠረት፦ ሦስተኛ። የመጀመሪያው ዓመት ሎሚ የሚያካክል ነገር ነቀልኩ። ከጎኔ ያለውን መሬት የሚያለሙ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ አሉ፣ በአጥሩ አይተው ሳቁብኝ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ዮናስ፦ ምን አጥፍተሽ ነው?

መሠረት፦ ምን ያላጠፋሁት አለ? ከዘሩ ልጀምርልህ። ጤፍ ያህላል፣ አንድ ግራም ውስጥ ከ2000 በላይ ፍሬ ይገባል። እኔ እንደ ባቄላ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት። ዘሩ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ጤፍ ሲዘራ ማን ይቀብረዋል? ላዩ ላይ በትነህ በጣትህ ጫን ጫን ማድረግ ነው፣ በቃ። ከዚያ አፈሩ እንዳይደርቅ ላስቲክ አልብሰህ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ማቆየት። ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚደፋውም ያኔ ነው።

ዮናስ፦ መቼ ነው የሚዘራው?

መሠረት፦ እኔ በኛ በዓላት ነው የምቆጥረው፣ አልረሳውም። ዓድዋ ሲከበር እዘራለሁ። ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻ ዕቃ አዛውረዋለሁ። ወደ ጓሮ የሚወጣው ልደታ በዋለች በሳምንቱ ነው።

ዮናስ፦ ግንቦት 7 ወይ 8 መሆኑ ነው። ለምን እስከዚያ?

መሠረት፦ ጀርመኖቹም የራሳቸው ቅዱሳን አሏቸው። በነሱ አቆጣጠር ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀናት የበረዶ ቅዱሳን ይሏቸዋል፣ የመጨረሻዋ ቀዝቃዛዋ ሶፊ ናት። እሷ ሳታልፍ ለስላሳ ችግኝ አታውጣ ነው ደንቡ። ሶፊ የምትውለው ደግሞ የኛው ግንቦት 7 ላይ ነው! ይሄን ያወቅኩ ቀን እንዴት እንደሳቅኩ።

ዮናስ፦ ውርጭ ይገድለዋል ማለት ነው?

መሠረት፦ ውርጭ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ተክሉ የሁለት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያብጣል፣ የዚህ አገር ብርዳማው ክረምት ያልፍና በሁለተኛው ያብባል። ችግኝ እያለ ከ10 ዲግሪ በታች ብዙ ቀን ከቆየ ክረምቱ ያለፈ ይመስለዋል። ተታለለ! አበባ ይልካል፣ ሥሩ እንጨት ይሆናል። እኔ ኤፕሪል ላይ ፀሐይ አየሁና አወጣሁት። የአውሮፓ ፀሐይ ደግሞ ታውቃታለህ።

ዮናስ፦ ጥርስ ብቻ ናት።

መሠረት፦ ትልቁ ጥፋቴ ግን አፈር ማስታቀፌ ነው። ድንች ስንኮተኩት ያደግን ሰዎች እጃችን አያርፍም። ሥር ነገር ሲያይ አፈር ይስባል። ይሄ ተክል የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሲተከል በዕቃው ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት አይውረድ። ኳሱ ከመሬት በላይ ተቀምጦ ነው የሚያብጠው። በአንዱና በሌላው መሃል 40 ሳንቲሜትር ትተዋለህ፣ ሰፊ ይመስላል ግን ይሞላዋል። ከቡሄ በኋላ እንዲያውም አፈሩን ከትከሻው ገለጥ አድርጌ፣ ከጎን የወጡ ቀጫጭን ሥሮችንና የወደቁ የታች ቅጠሎችን አነሳለሁ። ቅጠሉን ግን አትጨርሰው፣ ኳሱን የሚቀልበው እሱ ነው።

ዮናስ፦ ውሃስ?

መሠረት፦ ያቺን ረግረግ አምጣት! ጁላይና ኦገስት ላይ አንድ ሳምንት ከተጠማ እድገቱ ይቆማል። ጎማ ይዤ በየሁለት ቀኑ እሄዳለሁ፣ ሥሩን በሣር ጉዝጓዝ እሸፍናለሁ። ኮምፖስትም በደንብ ይበላል፣ ሆዳም ነው።

ዮናስ፦ ሁለተኛው ዓመትስ?

መሠረት፦ አታስታውሰኝ። ይሄን የሚያህል ወጣ። ፎቶ አንስቼ ለቤተሰብ ሁሉ ላክሁ። ስቆርጠው ውስጡ ቡናማ፣ መሃሉ ባዶ።

ዮናስ፦ ትል?

መሠረት፦ እኔም ትል መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው አዩና «ቦሮን አንሶት ነው» አሉኝ። ተክሉ በጣም ጥቂት የሚፈልገው ማዕድን ነው። ለካ እኔ እናቴ ጎመን ላይ እንደምታደርገው አመድ ስነሰንስ ነው የከረምኩት። አመድ ሲበዛ እንደ ኖራ አፈሩን ይለውጠዋል፣ ያኔ ቦሮኑ መሬት ውስጥ ቢኖርም ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። ድርቅ ሲጨመርበት ይብሳል።

ዮናስ፦ ታዲያ ቦሮን ገዝተሽ ጨመርሽ?

መሠረት፦ አልጨመርኩም፣ አንተም እንዳታደርገው። ትንሽ ከበዛ መርዝ ነው፣ አፈር ሳያስመረምሩ አይነካም። አመዱን ተውኩ፣ ውሃ አላቋረጥኩም፣ ይኸው ነው።

ዮናስ፦ እና ዘንድሮ ሠራ?

መሠረት፦ አላውቅም እኮ! ትናንት ነቀልኩት፣ ገና አልተቆረጠም። ቀላል ውርጭ ይችላል፣ ግን ኅዳር ሚካኤልን ሜዳ ላይ እንዲያሳልፍ አልፈልግም። ሌሎቹን ቅጠላቸውን ቆርጬ ምድር ቤት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ። እንደዚያ ከሆነ ወራት ይቆያል።

ዮናስ፦ ምን ትሠሪበታለሽ?

መሠረት፦ የጾም አልጫ። የድንቹን ግማሽ እቀንስና እሱን እጨምራለሁ። ከእርድና ዝንጅብል ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ካለ ግን መጀመሪያ እጠይቃለሁ፣ ሴለሪ አለርጂ የሆነበት ሰው እዚህ አገር ብዙ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የታሸገ ምግብ ላይ በግድ የሚጻፈው ለዚያ ነው።

ዮናስ፦ ቢላዋ ይዘሻል አይደል?

መሠረት፦ ይዣለሁ። አንተ ቁረጠው፣ እኔ አላይም።

ዮናስ፦ ኧረ ጠንካራ ነው… ቆይ… ገባ።

መሠረት፦ ምን ይመስላል?

ዮናስ፦ መሲ፣ ነጭ ነው። ድፍን ነጭ።

መሠረት፦ እልልል! በል ሎሚ አምጣ፣ ሳይጠቁር።