የጣና ታንኳ በቴምብር ላይ፦ ለርዕስ አሰባሳቢ ነጻ በሮች

(ስክሪኑ ላይ፦ ነጭ ሳህን፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ወረንጦ፣ ከአሮጌ ፖስታ ጥግ የተቀደደች ቁራጭ።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? መጀመሪያ ይቺን ውሃ ውስጥ ልጨምራት። ፊቷ ወደ ላይ። እንዲህ። አሁን አትነካም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትፈልጋለች። እኛ ወሬያችንን እስክንጨርስ እሷም ወረቀቷን ትለቃለች። ምን እንደሆነች መጨረሻ ላይ አብረን እናያለን፤ እንዳትሄዱብኝ።

የዛሬው ጉዳያችን ቴምብር ነው። ቴምብርን በርዕስ ማሰባሰብ። በዚያ ላይ በነጻ። አዎ፣ በነጻ።

ብዙ ሰው በአገር ነው የሚያሰባስበው። የኢትዮጵያን ሙሉ፣ የጣሊያንን ሙሉ። ጥሩ ነው። ግን አልበሙ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ያቺ የቀረችው ደግሞ ሁሌም ውዷ ናት። በርዕስ ሲሆን ጥያቄውን የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ወፍ በሉ፣ ድልድይ በሉ፣ ቡና በሉ፣ ሯጭ በሉ። "ይህ ጎደለህ" የሚላችሁ የለም።

የኔ ርዕስ ጀልባ ነው። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? ጠዋት ሐይቁ ዳር ስትወርዱ፣ ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላል። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ታንኳው ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኜ "ይህ ነገር እንዴት አይሰምጥም?" እል ነበር። ኋላ አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ቴምብር ሳገላብጥ ያው ታንኳ ፊቴ ድቅን አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 መታተም ከጀመረው የኢትዮጵያ ተከታታይ ውስጥ ናት (ከዚህ በኋላም ዓመት ስጠራ "በኛ" ካላልኩ በዚያው አቆጣጠር ነው)። በዚያው ተከታታይ ውስጥ ጣና ለብቻው አለ፣ በዓባይ ላይ የተሠራ ድልድይ አለ፣ ራስ ዳሽንም አለ። እኔ ግን ዓይኔ ታንኳዋ ላይ ቀረ። "ከኛ ሌላ የሣር ጀልባ ያለው ማን ነው?" አልኩ። አበቃ፤ ርዕስ ተገኘ።

ጥያቄው የት እንዳደረሰኝ ታውቃላችሁ? ፔሩና ቦሊቪያ። ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ዛሬም ከቄጠማ ጀልባ ይሠራሉ። ከዚያ ወደ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል። ይህ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር አለ፤ ብሎም አልቀረ፣ ራሱ ሞከረው። በ1969 ራ የምትባለውን ጀልባ አሠራ። ጉዞዋን ሳትጨርስ ቀረች። በ1970 በሁለተኛዋ ራ ከሞሮኮ ተነስቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። የመጀመሪያዋ ራ የተሠራችበት ደንገል ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ? ከጣና! ከዚችው ከጣናችን! ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አላወጣሁም።

እሺ፣ ታዲያ ነጻው ነገር የት ነው ያለው? ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በጣም ነው የምወደው፣ ታገሡኝ።

የቆሎ ተማሪ አይታችኋል። ጎጃም ኖሮ ያላየ የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ ዱላውን ይዞ ይመጣል። በር ላይ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም!" ይላል። አንዱ ቤት ግማሽ እንጀራ ይሰጠዋል። ሌላው ቤት እፍኝ ቆሎ። ሦስተኛው ቤት "እግዜር ይስጥህ" ብሎ ይሸኘዋል። ተማሪው አይቀየምም፤ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ከአንድ ቤት ሙሉ ራት አይጠብቅም። ግን ቤቶቹን ያውቃቸዋል! የትኛዋ እናት መቼ እንደምትጋግር ያውቃል። የትኛው ግቢ ውሻው ክፉ እንደሆነ ያውቃል። ማታ ጎጆው ገብቶ አኩፋዳውን ሲዘረግፈው የሰባት ቤት እንጀራ ነው። የጤፍ አለ፣ የዳጉሳ አለ፣ የበቆሎ አለ። ለሱ ግን አንድ ራት ነው።

ትምህርቱም እንደዚያው ነው። ቅኔ ሲያምረው ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ይወርዳል። ለዜማ ቤተልሔም ይሄዳል። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር። ሁሉን ከአንድ ቦታ እማራለሁ አይልም።

ነጻ ነገር ፍለጋ ልክ ይሄው ነው። አንድ ድረገጽ ከፍቶ "የለም" ብሎ መዝጋት፣ አንድ በር አንኳኩቶ ጦሙን እንደሚያድር ተማሪ መሆን ነው። እያንዳንዱ በር የራሱን ይሰጣል። በሩን እወቁት፣ የሚሰጠውን ተቀበሉ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

በሉ አኩፋዳችንን እናንሳ።

የመጀመሪያው በር ደብሊው ኤን ኤስ ይባላል። የዓለም ፖስታ ኅብረት ያለበት የቴምብር መዝገብ ነው። ኅብረቱ በ1874 የተመሠረተ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1908 አባል ሆናለች። መዝገቡ ከ2002 ወዲህ ተሳታፊ አገሮች ያወጧቸውን ቴምብሮች ከነምስላቸው ይዟል። በአገር፣ በዓመት፣ በርዕስ መፈለግ ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ሌላ ነው። የአንዳንድ አገር ስም እየለጠፉ፣ አገሩ ራሱ የማያውቀውን ቴምብር የሚያትሙ ሰዎች አሉ። ዒላማቸው ማን መሰላችሁ? የርዕስ አሰባሳቢ። ድመት፣ ባቡር፣ ዳይኖሰር ያትማሉ፤ እኛ ደስ ብሎን እንገዛለን። መዝገቡ ውስጥ ያለ ቴምብር አገሩ ያወቀው ነው። ከ2002 በፊት ያለውን ግን እዚህ አትፈልጉ፤ የለም።

ለድሮው ኮልኔክት አለ። አሰባሳቢዎች በጋራ የሚሞሉት ካታሎግ ነው። ርዕስ ትመርጣላችሁ፣ አገር ትመርጣላችሁ፣ ይዘረግፍላችኋል። "አለኝ" እና "እፈልጋለሁ" እያላችሁ የራሳችሁን መዝገብ መያዝም ትችላላችሁ። ስታምፕወርልድም አለ፣ እሱም በነጻ ይታያል። ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶንያን የፖስታ ሙዚየም ስብስቡን በድረገጹ ያሳያል። ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው የቴምብር ካታሎጎች ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል፤ ዋጋቸው አይሠራም፣ ስለ ቴምብሮቹ የሚነግሯችሁ ግን ይሠራል።

አፈላለግ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ በአማርኛ "ታንኳ" ብላችሁ ብትጽፉ ምንም አይመጣም። "ካኑ"፣ "ቦት"፣ "ፓፒረስ" (ደንገል ማለት ነው) የሚሉትን በላቲን ፊደል ጻፉ። በፈረንሳይኛም ሞክሩ፤ ብዙ የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ከአማርኛው ጎን ፈረንሳይኛ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ዓመቱ። ካታሎጎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የሚሄዱት። በኛ 1939 ዓ.ም የምትሉትን ቴምብር 1939 ብላችሁ ከፈለጋችሁ ሌላ ዘመን ውስጥ ትገባላችሁ። ሰባት ስምንት ዓመት ጨምሩ።

ይህ ሁሉ ምስልና መረጃ ነው። ቴምብሩ ራሱስ? እሱ ደግሞ በእግር ነው። ጎጃም ውስጥ ከውጭ ደብዳቤ የሚቀበል ማነው? ዩኒቨርሲቲ፣ ድሮ ከውጭ ጋር ይሠራ የነበረ መሥሪያ ቤት፣ ልጁ ውጭ አገር ያለ ጎረቤት። እኛ አገር ፖስታ በየቤቱ አይታደልም፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው ያለን። ስለዚህ የሳጥኑን ቁልፍ የያዘውን ሰው ተዋወቁ። ጸሐፊዋን፣ መዝገብ ቤቱን፣ ተላላኪውን። "እማማ፣ ከልጅዎ የመጣ የድሮ ደብዳቤ ካለ ፖስታውን አይጣሉብኝ" ማለት ምን ይከብዳል? ቡና ሳያጠጡ የማይሸኙ እናቶች ናቸው። አሁን ውሃ ውስጥ ያለችውም የመጣችው እንዲህ ነው፤ አንድ ቢሮ አሮጌ ፋይል ሲያጸዳ ከሚጣለው ወረቀት ውስጥ። አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ ያለውን የቴምብር ሙዚየም ሳታዩ እንዳትመለሱ።

አሁን ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። ባለፈው ቪዲዮ ስለ ምኒልክ ቴምብር ትንሽ ካነሳሁ ወዲህ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ሆኗል። "አያቴ ሳጥን ውስጥ የምኒልክ ቴምብር አለ፤ ስንት ሚሊዮን ያወጣል?" ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ። ወዳጆቼ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት።

አሮጌ ማለት ብርቅ ማለት አይደለም። የዓለም የመጀመሪያዋ ቴምብር በ1840 እንግሊዝ ውስጥ ወጣች። ጥቁሯ ፔኒ ትባላለች። ከሷ የሚቀድም የለም። የታተመችው ግን ከ68 ሚሊዮን በላይ ነው! ስለዚህ ዛሬም ገበያ ላይ አለች። በተቃራኒው በ1856 የወጣች አንዲት የብሪቲሽ ጊያና ቴምብር አለች። የምትታወቀው አንድ ብቻ ናት። በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2021 ደግሞ 8.3 ሚሊዮን። አያችሁ? የዓለም ብርቅዬዋ እንኳ ዋጋዋ ወርዷል።

የኛዎቹ የመጀመሪያ ቴምብሮች የ1894 ናቸው። ፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን የቀረጸው ኧዤን ሙሾን ነው። ሰባት ናቸው፤ አራቱ ላይ ምኒልክ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ። ጽሑፋቸው አማርኛ ብቻ ነው። በጣም የሚያኮሩ ናቸው፤ እኔ ባየኋቸው ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በቀጥታ ወደ አውሮፓ አሰባሳቢዎች ሄደዋል። ስለዚህ ያልተለጠፈው ብዙ ነው፤ ዋጋውም ሚሊዮን ቤት አይደርስም። ብርቁ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን በእርግጥ የተላከ ደብዳቤ፣ ቴምብሩ እንደተለጠፈ፣ ማኅተሙ እንዳረፈበት፣ ከነፖስታው። እና ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ቴምብሩን ገንጥሎ ፖስታውን ይጥላል! እባካችሁ። እባካችሁ። የአያታችሁ ሳጥን ውስጥ ሙሉ ፖስታ ካገኛችሁ ውሃ አታስነኩት። እንዳለ አስቀምጡት።

ደግሞ "እኔ አሻሽጥላችኋለሁ፣ መጀመሪያ ለምርመራ ይህን ያህል ብር ላኩ" የሚል ከመጣ ስልኩን ዝጉ። ስለ ሚሊዮን የሚወራው ወሬ የሚጠቅመው እሱን ብቻ ነው። የአያታችሁን ሳጥን ስትከፍቱ መጀመሪያ "ይህ ደብዳቤ ከየት ወዴት ነበር?" በሉ። ማን ጻፈው? ለማን? ሰውየውን አያቴ ያውቁት ነበር? ሊነግሯችሁ የሚችሉት አያት ዛሬ ካሉ፣ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።

ብዙ ወሰደብን፤ ግን መባል ነበረበት።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። ቴምብር በጣት አይነሳም፤ ጣት ቅባት አለው፣ በወረንጦ ነው። የዳር ጥርሱ የተሰበረ ቴምብር ለገበያ ይጎዳል፤ ለርዕስ ግን ሌላ እስክታገኙ ያገለግላል። በሙጫ ወይም በፕላስተር አይለጠፍም፣ በፍጹም። ፀሐይና እርጥበት ጠላቱ ናቸው፤ ክረምት ላይ ባሕር ዳር ያላችሁ አልበማችሁን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የአዲሶቹ፣ እንደ ስቲከር የሚላጡት፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ በደንብ አይለቁም፤ ዙሪያቸውን ወረቀት አስተርፋችሁ በመቀስ ቁረጡ። የአገር ስም ካስቸገራችሁ፦ ሄልቬቲያ ስዊዘርላንድ ናት፣ ሱኦሚ ፊንላንድ፣ ማጂያር ሃንጋሪ። ምንም ስም ከሌለው፣ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ብቻ ካለበት፣ ብዙ ጊዜ እንግሊዝ ነው፤ ስሟን በላቲን ፊደል እንድትጽፍ የማትገደደው እሷ ብቻ ናት፣ ቴምብርን የጀመረች ስለሆነች።

ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። የምታሰባስቡትን ርዕስም ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ ከመካከላቸው አንዱን ይዤ በሮቹን አብረን እናንኳኳለን።

(ካሜራው ወደ ሳህኑ ይጠጋል።)

እና አሁን፣ እዩ። እዩልኝ። ጥግ ጥጓ ለቃለች። አልጎትታትም፤ ወረቀቱን ነው ከሥሯ የምስበው። ቀስ። ቀስ... መጣች! ጀርባዋ ላይ ሙጫው ገና ያሙለጨልጫል፤ አንዴ በንጹሕ ውሃ ላለቅልቃት። ገልበጥ ላድርጋት። ከታች የተጻፈው ምን ይላል? ኖርጌ። ኖርዌይ ናት። የሄየርዳል አገር! መሐሏ ላይ ማኅተሙ ግማሹን ሸፍኖታል፤ ግን ሸራው ይታያል፣ የፊት ጫፏ ይታያል። ጀልባ ናት።

ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ፊቷን ወደ ታች። ላይዋ ሌላ ወረቀት። ከላይ ወፍራም መጽሐፍ። ነገ ጠዋት ትደርቃለች፤ ቦታዋ ከጣናዋ ታንኳ ምስል ጎን ነው።