መጀመሪያ ገደሉ ሥር ይሞከር፦ የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከሸዋሮቢት ማልዳችሁ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃን ለገባችሁ ልዩ ምስጋና አለኝ። ተረኛ ሆነው መምጣት ያልቻሉትንም አልረሳናቸውም። እነሱ መኪናው ላይ ባይቀመጡ እኛ እዚህ አንቀመጥም ነበር።

የሥራ ሪፖርቱ ታትሞ እጃችሁ ላይ አለ። የሒሳቡ ከሰዓት ይቀርባል። እኔ በተሰጠኝ ጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ላውራ፤ ስለ መገናኛ ሬዲዮ።

እዚህ ያለነው የአምቡላንስ ሾፌሮች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የስምሪት ኦፕሬተሮችና በጎ ፈቃደኞች ነን። አብዛኞቻችን ሥራውን የለመድነው በአናሎግ ሬዲዮ ነው። አሁን ግን እንደኛ ያሉ ትንንሽ ከተሞችም ወደ ዲጂታል፣ ማለትም ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይሮ ወደሚልከው ሬዲዮ፣ ይግቡ የሚለው ሐሳብ በየመድረኩ ይነሳል። እናንተም «ማኅበሩ ምን ይላል?» እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። አቋሜን በግልጽ ልናገር። መቀየሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ሬዲዮውን የሚይዙት ሰዎች፣ በሚሠሩበት ቦታ፣ ይሞክሩት።

ለምን እደግፋለሁ? ለኛ ዓይነት ከተማ በዋጋም ቀረብ የሚለው ዲኤምአር የሚባለው የዲጂታል ሬዲዮ ሲስተም ነው። ደረጃው በአውሮፓ የወጣው እኤአ በ2005 ነው። በ12.5 ኪሎኸርዝ አንድ ቻናል ላይ ጊዜውን ለሁለት እየከፈለ ሁለት ንግግር ያስተናግዳል። አምቡላንሱ ከሆስፒታል ጋር ሲነጋገር እሳት አደጋው ቻናሉ እስኪለቀቅ አይጠብቅም። በአናሎግ ስንሠራ ስንቴ ተደራርበን ተጯጩኸናል! የእጅ ሬዲዮው የሚያሰራጨውም ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባትሪው ይቆያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ባትሪ እንዴት እንደሚጨርስ ለዚህ ቤት አልነግርም። ማን እንደጠራ ስክሪኑ ላይ ይታያል። የአደጋ ጥሪ ቁልፍ አለው፤ ባልደረባችን ወድቆ መናገር ቢያቅተው እንኳ ቁልፏን ከተጫነ ስምሪት ክፍሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ሌላም አለ። ዛሬ ስለ አንድ ታማሚ የምንናገረውን ሁሉ መቀበያ ያለው ሰው ሊሰማ ይችላል። ዲጂታሉ ንግግሩን መመስጠር ይችላል። ይህ የታማሚው ክብር ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ። ከደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተነስተን፣ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተን፣ ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና እንወርዳለን። ሸዋሮቢት ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። የምንጠቀምበት ሞገድ ተራራ አይበሳም። አናሎግ ሆነ ዲጂታል፣ ለተራራው ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሞገዱ ሲዳከም ነው። አናሎጉ ቀስ በቀስ ይሻክራል፣ ያሿሿል፤ ጆሮው የለመደ ኦፕሬተር ግን ከዚያ ሹሹታ መሐል «ከድልድዩ በታች» የምትለዋን ነገር ይለቅማል። ዲጂታሉ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና ድንገት ጭጭ ይላል። ያቺ መንገድ ደግሞ መኪና የሚገለበጥባት ናት። መሬቱም ይንሸራተታል፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይን በተባለው ቦታ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሬዲዮ የሚያስፈልገን እዚያ ገደል ሥር ነው። አዳራሽ ውስጥ ተከፍቶ «ሰማችሁ? እንዴት ይጠራል!» የሚባልለት ሙከራ ለኛ ሙከራ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ከሩቅ ልጥቀስ። እኤአ በመጋቢት 2001 የኒውዮርክ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አዲስ ዲጂታል የእጅ ሬዲዮ ለሠራተኞቹ አደለ። ሳምንት ገደማ እንኳ በደንብ ሳይሠራበት መልሶ ሰበሰበው። አንድ ሠራተኛ ቤት ውስጥ አደጋ ላይ ወድቆ እርዳታ ሲጠራ አጠገቡ የነበሩት ባልደረቦቹ አልሰሙትም ነበር። በቂ የሜዳ ሙከራ ሳይደረግ ሥራ ላይ መዋሉ ኋላ ብዙ አስተችቷል። በዚያው ዓመት፣ እኤአ መስከረም 11፣ የከተማዋ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ሲመቱ ሠራተኞቹ የወጡት የድሮውን ሬዲዮ ይዘው ነው። ያን ያህል በጀት ያለው ከተማ እንዲህ ከገጠመው፣ እኛ ስንት ጊዜ መጠንቀቅ አለብን?

ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚለወጥ ልማድም አለ። ብዙዎቹ ዲጂታል ሬዲዮዎች በሪፒተር፣ ማለትም ሞገዱን ተቀብሎ አጠናክሮ በሚያስተላልፈው ጣቢያ፣ ሲሠሩ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ ለአፍታ ያቆያሉ፤ ቲት ሲል ነው መናገር። ቀድሞ የተናገረ ሰው የንግግሩ መጀመሪያ ይቆረጥበታል። «አትግቡ» ብሎ የጮኸ አዛዥ «ግቡ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናው በአንድ ቀን ወርክሾፕ እና በሰርተፍኬት እንዲያልቅ አልፈልግም። ፓምፑ እየጮኸ፣ ሳይረኑ እየተነፋ፣ ጭንብል ተደርጎ ይሠልጠን። ዲጂታሉ ድምፃችንን አሽጎ ነው የሚልከው፤ አካባቢው ሲጮህ ንግግሩ ሊበላሽ ይችላል። ያንን ከወዲሁ ማወቅ አለብን።

ስለ ፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ብዙ አልልም፤ በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው፣ ቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው። ስለ መብራት ግን ዝም አልልም። ሪፒተሩ ያለው ተራራ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ በምን ይሠራል? ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል? ሶላር ይኖረዋል ወይ? በነሐሴ ዝናብ ጭቃውን አቋርጦ የሚወጣው ቴክኒሻን ማነው፣ አበሉስ ከየትኛው በጀት ነው? ጨረታ ሲወጣ ሁሉም የሚያየው የእጅ ሬዲዮውን ነው። ማማው፣ ባትሪው፣ ጥገናው ግን መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ነው።

ጎረቤትም አለን። ከተማው ዲጂታል ሆኖ ወረዳዎቹ አናሎግ ላይ ቢቀሩ፣ አንድ አደጋ ቦታ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመን አንሰማማም። ደግነቱ አብዛኞቹ የዲኤምአር ሬዲዮዎች በአናሎግም ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ የጋራ አናሎግ ቻናል እንዲቀመጥ፣ አሮጌው ሪፒተርም ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ እንዳይነቀል ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። ድምፅ ይሰጥበት።

ከዚህ በኋላ መድረኩ የስምሪት ኦፕሬተሮች ነው። እንግዶቻችን የሚናገሩት ከእነሱ ቀጥሎ ነው። ቅር እንደማትሰኙብን አምናለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮአቸውን ሬዲዮ ላይ ጥለው የሚያድሩት እነሱ ናቸው። በሩ አጠገብ የዞናችን ካርታ ተሰቅሏል፣ እርሳስም አለ። በሻይ ዕረፍት እያንዳንዳችሁ ሬዲዮ የማይደርስበትን ቦታ አክብቡበት። የሙከራው መስመር የሚወጣው ከዚያ ካርታ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።