ለቀብር የሚወጣው ብር ለምርመራም ይውጣ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ሊቀመንበራችን «ላቦራቶሪ ነው የምትሠሪው፣ ስለ አፍ ካንሰር ትንሽ በይን» ብለውኝ ነው የቆምኩት። እላለሁ። ግን አንድ የሚያንገበግበኝ ጉዳይም ይዤ መጥቻለሁ።

እነዚህን አግዳሚ ወንበሮች የሠሩልንን ጋሼን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ገና ውሃ በቦቴ ስንጠብቅ ጀምሮ አብረውን ነበሩ። ሲጋራ ከእጃቸው አይጠፋም፤ ማታ ማታ አረቄም አለች። ምላሳቸው ጎን ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ቢፍቁት አይለቅም። ስላላመማቸው ተዉት። ቆይቶ ቆሰለ። ክሊኒክ ሄዱ፤ መጉመጥመጫ ተሰጣቸው። ተመልሰው ሄዱ፤ አንቲባዮቲክ። በሦስተኛው «ጥርስዎ ነው የሚወጋዎት» ተባለና ጤነኛ ጥርስ ተነቀለ! «ምላስዎን ያውጡ» ብሎ በባትሪ ያየ የለም! በጣቱ የዳሰሰ የለም! ናሙና ሲወሰድላቸው አንገታቸው ሥር አብጦ ነበር።

ለቅሶው ላይ «በዘራቸው ያለ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል» ሲባል ሰማሁ። እንዲህ አይባልም!

ሴላችን ውስጥ ፒ16 የሚባል ዘረመል አለ። ሴሉ ያለልክ እንዳይባዛ የሚጠብቅ የግቢ ዘበኛ በሉት። አንዳንዴ ዘረመሉ ራሱ ይጠፋል ወይም ይበላሻል። አንዳንዴ ግን ምንም ሳይጎድለው መነሻው ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች ይለጠፉበታል፤ ሴሉም ሊያነበው አይችልም። ዘበኛው በሩ ላይ ነው፤ ግን ተኝቷል። ሜቲሌሽን ይሉታል። ከእናት ከአባት የተወረሰ ሳይሆን በዕድሜ ዘመን የሚመጣ ለውጥ ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት፣ ገና ነጭ ምልክት ሳለም ሊገኝ ይችላል። ነጭ ምልክት ሁሉ ካንሰር አይሆንም። ግን ጋሼ ጊዜ ነበራቸው!

ሜቲሉን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። አዛሲቲዲን እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለመቅኔ ሕመም ተፈቅዷል። ለአፍ ካንሰር ግን መደበኛ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ሲጋራውና አረቄው ይቅር። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል ይታይ።

አሁን ወደ መጣሁበት። ጋሼ ለናሙናው የሚከፍሉት አጥሯቸው እዚሁ ሲጠይቁ «ደንቡ አይፈቅድም» ተባሉ። ሲሞቱ ድንኳኑም ብሩም በሰዓቱ ደረሰ። ለሞተ ሰው የሚፈቀድ ብር ለታመመ ሰው ለምን ይከለከላል? ደንቡ ይሻሻል። ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ፤ ዛሬውኑ፣ ሳንበተን ድምፅ ይሰጥበት።