ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ በኮሪያ ገበታ

[በምስል፦ በቀይ ሶስ የተለወሰ ኑድል በቾፕስቲክ ሲነሳ]

«ሚጥሚጣ በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የኮሪያ በርበሬ ምን ያደርገኛል?» ብሎ ሴኡል የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ነው። በቁጥር ካየነው አልተሳሳተም። ሚጥሚጣ የሚዘጋጅባት ያቺ ትንሽ በርበሬ የማቃጠል ኃይልን በሚለካው በስኮቪል መለኪያ ከ50,000 በላይ ትወጣለች። ኮሪያውያን «ቾንግያንግ» የሚሉት የሚያቃጥለው ቃሪያቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 10,000 ቢደርስ ነው። ታዲያ ይኸው ሰው ቡልዳክ የተባለው የዶሮ ጣዕም ያለው የሚያቃጥል ኑድል ፊት ቁጭ ብሎ እንባውን የሚጠርገው ለምንድን ነው?

ነገሩ ያለው መጠኑና አቀራረቡ ላይ ነው። ሚጥሚጣ ክትፎ ላይ ቆንጠር ተደርጎ ይነሰነሳል። ወጥም ቢያቃጥል በእንጀራ ተጠቅልሎ ነው የሚጎረሰው፣ ቅቤ አለው፣ አይብ ከጎኑ ይቀርባል፣ ምን ያህል እንደምንጠቅስም የምንወስነው እኛው ነን። በጣም በሚያቃጥሉት የኮሪያ ምግቦች ላይ ግን ይህ ምርጫ የለም። ሶሱ እያንዳንዱን ኑድል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብሶ ይመጣል። ስኳርም በደንብ አለበት፤ ጣፋጩ ቀድሞ ይደርስና ማቃጠሉ ከኋላ ይከተላል። ብዙ ሰው «ይሄማ ምንም አይልም» እያለ አራት አምስቴ ከጎረሰ በኋላ ነው የሚነቃው፣ ያኔ ደግሞ የበላው ሁሉ ገና መሥራት እየጀመረ ነው።

[በምስል፦ የምላስ ሥዕል፣ የነርቭ ጫፎች ሲበሩ]

የሚያቃጥለን ቅመም ካፕሳይሲን ይባላል። ምላስን እንደ እሳት አይለበልበውም፤ ሙቀትን ለአንጎል የሚያሳውቀውን የነርቭ ተቀባይ ነው የሚቀሰቅሰው። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ይህን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው አሳወቁ፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ለተጓዥ የሚጠቅመው ግን ይኸው ተቀባይ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀትም መነሳቱ ነው። በርበሬ ያለበት ነገር ሲንተከተክ ሲበላ ሙቀቱና ቅመሙ ተደርበው ይመጣሉ ማለት ነው። ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ምግብ ብዙ ጊዜ እየፈላ ነው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው። ስለዚህ ከማንኛውም ምክር በፊት፦ ትንሽ ሳህን ጠይቁ፣ ቀንሳችሁ አውጡ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይብረድ።

አሁን ወደ ማዘዙ እንሂድ። «ሜዎዮ?» ማለት «ያቃጥላል?» ነው። ችግሩ አስተናጋጇ «አን ሜዎዮ»፣ አያቃጥልም፣ ብላ ብትመልስ የምትለካው በራሷ ምላስ ነው። የተሻለው ጥያቄ «ሺንራምየን ቦዳ ሜዎዮ?» ይሆናል፣ ከሺን ራምየን ይበልጥ ያቃጥላል? ሺን ራምየን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚሸጥ ቀይ ፓኬት ኑድል ነው፤ እዚያ ያልቀመሰው የለም፣ ኮሪያውያን እርስ በርስም ማቃጠልን ሲያወዳድሩ እሱን ይጠቅሳሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ስኒ ገዝታችሁ ቅመሱት። ከዚያ በኋላ መልሱ ትርጉም ይኖረዋል።

«ዶል ሜፕኬ ሄ ጁሴዮ» ደግሞ «ማቃጠሉን ቀንሱልኝ» ነው። የሚሠራው ግን እዚያው በሚሠራ ምግብ ላይ ብቻ ነው። የመንገድ ዳር ቶክቦኪ፣ በቀይ ሶስ የተለወሰ የሩዝ ኬክ፣ ትልቁ ምጣድ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተክ የቆየ ስለሆነ ማንም ሊቀንስላችሁ አይችልም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ሶሱ እየጠነከረ ይመጣል።

ደረጃ የሚያስመርጡ ቤቶችም አሉ። ዮፕኪ ቶክቦኪ የተባለው ሰንሰለት ምግብ ቤት ደረጃዎቹን ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይጠራል፦ ቻካን ማት፣ ቾቦ ማት፣ ዶል ሜኡን ማት፣ ኦሪጂናል፣ ሜኡን ማት። ሁለተኛው የጀማሪ ማለት ነው፤ ስሙ አያሳፍራችሁ፣ ከዚያ ጀምሩ። አንዱ ትዕዛዝ ለሁለት ሦስት ሰው የሚበቃ ትልቅ ዕቃ ስለሆነ ደረጃውን ከፍ አድርጎ መሳሳት ዋጋው ውድ ነው። አብረው የሚታዘዙትን አትዝለሏቸው፦ በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል፣ በባሕር አረም የተለወሰ የሩዝ ድቡልቡል፣ የኮክ ጣዕም ያለው ኩልፒስ መጠጥ። እነዚህ ለጌጥ የሚቀርቡ አይደሉም፣ ከሶሱ ጋር እየተፈራረቁ የሚበሉ ናቸው።

[በምስል፦ የቡልዳክ ፓኬት ሲከፈት፣ ጥቁሩ የሶስ ከረጢት በቅርበት]

ቡልዳክ ኑድልን ሳምያንግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው ያወጣው፤ ጥቁሩ መደበኛው 4,404 ስኮቪል ተብሎ ይታወቃል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ውሃው ላይ ነው። 140 ግራም ለሚመዝነው ፓኬት 600 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉ፣ ኑድሉን ጨምሩና 5 ደቂቃ ቀቅሉ። ከዚያ ውሃውን ድፉ፣ ሁሉንም ግን አትድፉ፦ 8 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይቅር። ሶሱን ጨምሩና እሳቱ ላይ 30 ሴኮንድ እያማሰላችሁ ጥበሱት፣ በመጨረሻ ሰሊጡንና የባሕር አረሙን ነስንሱ። ውሃው ጨርሶ ከተደፋ ሶሱ አይሰራጭም፤ አንዱ ቦታ ይጓጉላል፣ አንዱ ጉርሻ ባዶ ሌላው እሳት ይሆናል። ውሃ ከበዛ ደግሞ ሾርባ ይሆንና ስትምጉት ወደ ጉሮሮ ይረጫል፣ ትን ይላችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሶሱን ግማሹን ብቻ ጨምቁ። ቅመሱ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የቀረውን ወስኑ። የገባ ሶስ አይወጣም። ከቀረው ውሃ ግማሹን በወተት መተካት፣ አንድ ሉክ አይብ ማቅለጥ ወይም አንድ ማንኪያ ማዮኔዝ ማደባለቅ ይቻላል። ጂኤስ25 ወይም ሲዩ የሚባሉት ትንንሽ ሱቆች ውስጥ የስኒውን ስትሠሩ ሙቅ ውሃ ማሽኑ እዚያው አለ፤ መስመሩ ድረስ ሞልታችሁ 4 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ውሃውን ለእሱ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ትደፋላችሁ። ሙቅ ውሃውን ከመጨመራችሁ በፊት አይብና ሦስት ማዕዘን ኪምባፕ (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ) ገዝታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ አፍ እየነደደ ወረፋ መያዝ አይመችም።

ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ የሚባሉትስ? ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሁለቱን እነዚህንና አንድ ሌላ የቡልዳክ ዓይነት በካፕሳይሲናቸው ብዛት ከገበያ አንስታ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ከሦስቱ ሁለቱ እንዲመለሱ ተፈቅዷል። በእኛ ግምት ሦስት እጥፉ ለቪዲዮ እንጂ ለምሳ የተሠራ አይደለም፣ የዶሮው ጣዕም ራሱ ይጠፋል።

[በምስል፦ የሲንዳንግዶንግ ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ የጋዝ ምድጃ]

ቁጭ ብላችሁ ለመብላት ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል። የሴኡሉ ሲንዳንግዶንግ ቶክቦኪ ለመጀመር ጥሩ ነው፤ የበርበሬው ድልህ ከጥቁር ባቄላ ድልህ ጋር ስለሚቀላቀል ለስለስ ይላል፣ እሳቱም በእጃችሁ ነው። ከዚያ ቹንቾን። ከሴኡል በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላው ይህ ከተማ የዳክካልቢ አገር ነው፦ በበርበሬ ድልህ የተዘፈዘፈ ዶሮ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር ሰፊ ምጣድ ላይ ይጠበሳል። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያም እዚያው ከተማ ስላለ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ዳክካልቢ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰው በታች አይታዘዝም፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ጠንከር ያለው ናክጂ ቦክም ነው፣ ትንሽ ኦክቶፐስ በደቀቀ በርበሬና በብዙ ነጭ ሽንኩርት። በሩዝና በባቄላ በቆልት ለውሳችሁ ብሉት፣ ለብቻው አትጀምሩት። አብሮት የሚመጣው የክላም ሾርባ ነጭና ጨዋ ይመስላል፤ እየፈላ ከጠጣችሁት ግን ያደረውን ሁሉ ይቀሰቅሰዋል፣ ለብ ይበል። ዳክባል፣ የዶሮ እግር፣ ሲቀርብ የፕላስቲክ ጓንት ይሰጣችኋል። አድርጉት።

አፍ ሲነድ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የውሃ ብርጭቆ ነው። ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም፣ ስለዚህ ውሃው ቅዝቃዜው እስኪያልፍ ብቻ ያስታግሳል። ጋዝ ያለው መጠጥና ቢራ አፉን የባሰ ይቆጠቁጡታል፤ ሶጁ የተባለው የኮሪያ አረቄም አልኮሉ 16 ወይም 17 በመቶ ስለሆነ ለማሟሟት አይበቃም። የሚሠራው ወተት ነው፣ በውስጡ ያለው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይይዘዋል። ቶሎ አትዋጡት፣ አፋችሁ ውስጥ ለአሥራ አምስት ሃያ ሴኮንድ አቆዩት። ምግብ ቤቶች ወተት እምብዛም ስለማይይዙ ከሱቅ ቀድማችሁ ግዙ፤ በኮሪያኛ «ኡዩ» ነው።

ጾም ላይ ላለ ሰው ወተቱም አይቡም ይቀራል። ያኔ ነጭ ሩዝና ጣፋጩ የሩዝ መጠጥ ሺክሄ ይሻላሉ፣ ስኳርም ማቃጠሉን ይቀንሳል። ግን ሶሱ ራሱ የጾም ላይሆን ይችላል፦ ቶክቦኪ ብዙ ጊዜ በደረቅ ዓሣ መረቅ ይሠራል፣ ውስጡ ያለው ስስ ቁራጭ የዓሣ ኬክ ነው፣ ኪምቺ የተባለው የኮምጣጣ ጎመን ማባያም የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው ይገባበታል። ሙስሊም ተጓዥ ደግሞ የባሕር ምግብ ነው ብሎ ጃምፖንግ የተባለውን ቀይ የኑድል ሾርባ ሲያዝዝ መረቁና ሥጋው የአሳማ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። ወደ ውጭ የሚላከው ቡልዳክ የሐላል ምልክት ሲኖረው ኮሪያ ውስጥ የሚሸጠው ላይኖረው ስለሚችል ፓኬቱን አገላብጡ። ኢቴዎን ባለው የሴኡል መስጊድ ዙሪያ የሐላል ቤቶች አሉ።

ጨጓራ፣ ቃር ወይም አስም ያለበት ሰው ከላይኞቹ ደረጃዎች ይራቅ። ሌላው ሰውም በባዶ ሆድ አይጀምር፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ሩዝ ወይም እንቁላል መብላት የሆድ ቁርጠቱን ያቀለዋል። ያ ተቀባይ ምላስ ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ አንጀት መጨረሻ ድረስ ስላለ ማግስቱንም አስቡ፦ ረጅም በረራ ካላችሁ ዋዜማውን ለሌላ ምግብ ተዉት። የደረት ውጋት፣ የማያቆም ትውከት ወይም የትንፋሽ እጥረት ከመጣ ቀልድ አይደለም፣ 119 የአምቡላንስ ቁጥር ነው።

እጅን በተመለከተ፣ ሶስ የነካ ጣት በውሃ ብቻ አይጠራም። ጥቂት ዘይት አሹት፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ ድገሙት። የዓይን ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ወደ ምግብ ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት አውልቁና በመነጽር ሂዱ።