ሐበሻ በወረቀት የተመዘገበችበት የኢየሩሳሌም መንበር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ዛሬ የምናገረው በኢየሩሳሌም ስላለው የአንግሊካን፣ ማለት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ጳጳስ መንበር ታሪክ ነው። «እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋምና ከዚያው ልነሣ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንበሩ በ1841 ሲቋቋም ሀገረ ስብከቱ ፍልስጥኤምን፣ ሶርያን፣ የከለዳውያንን ምድር፣ ግብፅንና ሐበሻን እንዲያጠቃልል ተወሰነ። ሥልጣኑ በእነዚህ አገሮች በሚገኙ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህናትና ምእመናን፣ እንዲሁም በሥሩ ለመሆን በሚፈቅዱ ሌሎች ፕሮቴስታንቶች ላይ ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ምእመን ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። በዚያው ዓመት አቡነ ሰላማ ከእስክንድርያው መንበር ተሹመው ወደ ኢትዮጵያ ይጓዙ ነበር። ሎንዶን ላይ አገራችን ለሌላ ጳጳስ መመደቧን እዚህ የጠየቀም የሰማም አልነበረም።

የመንበሩ መነሻ ከጸሎት ይልቅ ፖለቲካ ይበዛበታል። በቱርክ ግዛት ካቶሊኮች ፈረንሳይን፣ ኦርቶዶክሶች ሩሲያን ጠበቃ አድርገው ሲኖሩ ፕሮቴስታንቶች ጠበቃ አልነበራቸውም። የጀርመናዊቷ መንግሥት የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም አራተኛ ይህን አይተው ከእንግሊዝ ጋር የጋራ ጳጳስ ለማቆም ተዋዋሉ። ጳጳሱን ሁለቱ ዘውዶች ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ የፕሩሲያን ዕጩ ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት የሆኑት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ውድቅ ማድረግ ይችላሉ። ውሉ በኦክስፎርድ ቁጣ አስነሣ። በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጆን ሄንሪ ኒውማን ቤተ ክርስቲያናቸው ከፕሩሲያ ሉተራውያን ጋር እንዲህ መተሳሰሯን አልተቀበሉም፤ በ1845 ወደ ካቶሊክ የገቡትም ይህ ጉዳይ ጭምር እምነታቸውን ስለሸረሸረው ነው። ምእመኑ በጣት የሚቆጠር መንበር እንግሊዝ አገር ያሉ ሰዎችን ልብ ከፈለ።

የመጀመሪያው ጳጳስ ማይክል ሰሎሞን አሌክሳንደር በትውልድ አይሁዳዊ፣ ቀድሞም ረቢ የነበሩ ሰው ናቸው። የተመረጡትም የመንበሩ ዋና ተስፋ አይሁድን ማስተማር ስለነበረ ነው። ብዙ ሳይቆዩ በ1845 ወደ ካይሮ ሲጓዙ በመንገድ ላይ አረፉ።

ተራው የፕሩሲያ ሆነና በ1846 ሳሙኤል ጎባት ተሾሙ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኚህ ስዊዘርላንዳዊ በወጣትነታቸው፣ በ1830፣ በደጃዝማች ሰባጋዲስ ተቀባይነት አግኝተው በትግራይ በኩል ጎንደር ገብተው ነበር። አማርኛ ይናገሩ ነበር፤ ከሊቃውንቱ ጋር ቁጭ ብለው ስለ ሃይማኖት ተከራክረዋል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ዓድዋ ላይ ሕመም ጣላቸውና በ1836 አገሩን ለቀው ወጡ። ከእኛ አገር የወጡት ሰው፣ ከእኛ አገር ሐሳብ አልወጡም። ኢየሩሳሌም ያሉት መነኮሳቶቻችን በ1838ቱ ወረርሽኝ ካለቁ በኋላ በዴር ሡልጣን ገዳም ይዞታ ሲቸገሩ፣ ጎባት ከእንግሊዙ ቆንስል ከጄምስ ፊን ጋር ሆነው ቆመውላቸዋል።

ትልቁ ዕቅዳቸው ግን ሌላ ነበር። ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የሠለጠኑ የእጅ ባለሙያዎች ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ እንዲሄዱ፣ በሙያቸው እየኖሩ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያድሉ አሰቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎቹን በደስታ ተቀበሉ፤ የፈለጉት ግን ሙያውን ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ወንጌል ይዘው የመጡት ሰዎች መድፍ ሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተሠራው በእነርሱ እጅ ነው። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት የመድፍ ቅርጽ የዚያ መታሰቢያ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ጎባት ቅን ሰው ነበሩ፤ ንጉሡን ግን አላወቋቸውም።

ጎባት በ1879 አረፉ። ተከታያቸው ጆሴፍ ባርክሌይ ብዙ አልቆዩም። መንበሩ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ፕሩሲያ ውሉን አፈረሰች፤ በ1887 ጆርጅ ብላይዝ ሲሾሙ መንበሩ የአንግሊካን ብቻ ሆነ። ብላይዝ የጎባት ተቃራኒ ናቸው፤ ጎባት የኦርቶዶክስ ምእመናንን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲቀበሉ፣ ብላይዝ ግን ከኦርቶዶክስ ምእመናን መንጠቅን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ በዚህም ከራሳቸው ሚስዮናውያን ጋር ተጣልተዋል። ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ ያሠሩት የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በ1898 ተቀደሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በፍልስጥኤም ያደገው ጉባኤ ማንም ያላሰበው ነበር። አይሁድ ይመጡበታል የተባለው ቤት በአረብ ክርስቲያኖች ሞላ፤ አብዛኛውም ጎባት በዚያ ከከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች የወጣ ነው። ያም ሆኖ እንግሊዛውያኑ ወንበሩን ለመልቀቅ አልቸኮሉም። በ1957 መንበሩ ወደ ሊቀ ጵጵስና ከፍ ሲልም የተቀመጡበት እንግሊዛዊ ነበሩ። ፋይቅ ሐዳድ የመጀመሪያው አረብ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆኑት በ1976 ነው፤ መንበሩ ከቆመ 135 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት የኢየሩሳሌምና የመካከለኛው ምሥራቅ አውራጃ፣ ማለት በርካታ ሀገረ ስብከቶችን የሚያቅፍ የአንግሊካን አስተዳደር፣ ተደራጀ፤ የግብፅ ሀገረ ስብከትም በሥሩ ገባ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት አንግሊካውያን፣ ዛሬ በአብዛኛው በጋምቤላ የሚገኙት፣ በግብፅ ሀገረ ስብከት ይተዳደሩ ስለነበር ከኢየሩሳሌም ጋር በአንድ አውራጃ ተቆጠሩ። ከዚያ የተለዩት በ2020 የእስክንድርያ አውራጃ ለብቻው ሲቋቋም ነው።

ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያለው ካለ በደስታ እቀበላለሁ።