ባንክ ቤት የተወለደው ግጥም፦ ናኒ ባለስትሪኒና "ቴፕ ማርክ 1"

ሰላም ተመልካቾቻችን! ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1961፣ ከተማው ሚላን ነው። የሎምባርዲያ ቁጠባ ባንክ አይቢኤም 7070 የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር አለው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለው ገጣሚ ናኒ ባለስትሪኒ በዚህ የባንክ ማሽን "ቴፕ ማርክ 1" የተባለ ግጥም አወጣበት። አዎ፣ ግጥም!

እንዴት? ዶሚኖ ትጫወታላችሁ አይደል? ጠጠሩ ሁለት ጫፍ አለው። አምስት ከአምስት ይገጥማል፣ ሦስት ከሦስት። ሦስቱ ጫፍ ላይ ስድስት ልለጥፍ ብትሉ አብሯችሁ የሚጫወተው እጃችሁን ይይዛል! የፈለጋችሁትን ጠጠር ማውጣት ትችላላችሁ፤ ጫፉ ግን መግጠም አለበት። ባለስትሪኒም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጠጠሮቹ 15 ሐረጎች ናቸው። የእያንዳንዱ ሐረግ መነሻና መድረሻ ከየትኛው ሐረግ ጋር በሰዋስው እንደሚገጥም የሚናገር ኮድ አለው። ኮዱ ባይኖር ኖሮ ግስ ግስ ላይ እየወደቀ ዝም ብሎ የቃላት ክምር ይሆን ነበር።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፦ ከ15ቱ 10 ምረጥ፣ አትድገም፣ ኮዱን አግጥም፣ ከአንድ ምንጭ የመጡትን ጎን ለጎን አታስቀምጥ፣ ሰንሰለቱን በ6 ስንኝ ቁረጥ፣ በየስንኙ 4 የምት አሃድ (የግጥሙ ምት መለኪያ) አድርግ። ይህ ሁሉ 1200 ትእዛዝ ሆኖ በ322 ቀዳዳ ካርዶች (ትእዛዝ በቀዳዳ የሚጻፍባቸው የወረቀት ካርዶች) ወደ ማሽኑ ገባ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ኮሜንት ላይ "ታዲያ የጻፈው ኮምፒውተሩ ነዋ፣ ያኔም አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነበር" ትላላችሁ። አይደለም፣ በፍጹም! ማሽኑ ከማንም የተማረው ነገር የለም። ከ15 ነገር 10 መምረጫው መንገድ 3003 ነው፤ ማሽኑ ይህን በፍጥነት ያገጣጥማል፣ በቃ። ሐረጎቹን ማን መረጠ? ባለስትሪኒ። አንዱ ምንጩ ሐኪሙ ሚቺሂኮ ሃቺያ ስለ ሂሮሺማ የጻፈው ማስታወሻ ነው፤ ሌላው የፖል ጎልድዊን "የሊፍቱ ምስጢር"፣ ሦስተኛው የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ የላኦ ትዙ መጽሐፍ "ታኦ ቴ ቺንግ"። ኮዱንም ያወጣው እሱ ነው፤ ከወጣ በኋላ ሥርዓተ ነጥቡንና ሰዋስውን ያስተካከለውም እሱ ነው። የቦምቡ ብርሃን "ከፀሐይ ሠላሳ እጥፍ" ሲባል በዚያው ግጥም ውስጥ በከንፈር መሃል የገባ ፀጉር ታገኛላችሁ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይህ ጉርብትና ነው፤ ጉርብትናውን ያሰበው ደግሞ ሰው ነው። "አንድ ምንጭ ጎን ለጎን አይሁን" የሚለው ሕግ የገባውም ለዚህ ነው።

በ1966 "ትሪስታኖ" የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ሐሳቡ እያንዳንዱ ቅጂ የተለያየ ቅደም ተከተል እንዲኖረው ነበር፤ የዚያን ጊዜ ማተሚያ ቤት አልቻለም። በ2007 ዲጂታል ኅትመት መጥቶ ቻለ። የ"ትሪስታኖ"ን አሠራር በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለምናይ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ።